ከሞተር ክፍል የታየ ጦርነት፦ የአንድ አንጋፋ ባሕረኛ ትዝታና ትምህርቱ

የባሕር ላይ ጦርነት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ጎልተው የሚወጡት የመርከቦች ስም፣ የመድፎች ብዛትና የአዛዦች ማዕረግ ናቸው። ከመርከቧ ወለል በታች፣ ፀሐይ በማትደርስበት የሞተር ክፍል ውስጥ፣ በዘይትና በላብ ተነክሮ መርከቧን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ ሲሰጠው አይታይም። ታሪክን የሚሠራው ሰፊው ሕዝብ ነው እያልን ደጋግመን የምንናገር ሁሉ፣ ይህን እውነት ከቃል አልፈን በተግባር ልናረጋግጥ የምንችለው የዚህን ሠራተኛ ምስክርነት አዳምጠን ከሌሎች የታሪክ ማስረጃዎች ጎን ባስቀመጥነው መጠን ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆኑን በቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ ከ1962 እስከ 1983 ዓ.ም. በሞተር ባለሙያነት ያገለገሉ፣ ዛሬ የሰባዎቹን ዕድሜ ያጋመሱ አዛውንት ናቸው። ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈቀዱም። «እኔ ብቻዬን የሠራሁት ምንም ነገር የለም። የእኔ ስም ከተጻፈ የጓደኞቼም ይጻፍ፤ የሁሉም ይጻፍ ከተባለ ደግሞ ጋዜጣው አይበቃም» አሉ። አነጋገራቸው ከትሕትና የመነጨ ብቻ አልነበረም። በመርከብ ላይ አንድ ሰው የዘነጋው ቧንቧ የሁሉንም ሕይወት እንደሚያጠፋ፣ አንድ ሰው በጊዜ ያጠበቀው ብሎን ደግሞ የሁሉንም ሕይወት እንደሚያተርፍ ከሥራቸው የተማሩ ሰው አነጋገር ነው።

ከደጋው መንደር እስከ ምጽዋ

እኚህ አዛውንት የተወለዱት በወሎ ደጋ፣ የባላባት መሬት በእርቦ ከሚያርስ ጭሰኛ ቤት ነው። ባሕርን በዐይናቸው ከማየታቸው በፊት የሚያውቁት ትልቅ ውኃ በክረምት የሚሞላውን የመንደራቸውን ወንዝ ነበር። ስምንተኛ ክፍል እንደ ደረሱ ትምህርታቸውን የሚያስቀጥል አቅም ከቤተሰባቸው በመጥፋቱ፣ በ1962 ዓ.ም. በባሕር ኃይሉ ተመዝግበው ወደ ምጽዋ ወረዱ። «ከአስመራ በአውቶቡስ ቁልቁል ስንወርድ ጋቢዬን ጊንዳዕ ላይ አወለቅሁ፤ ዶጋሊ ስንደርስ ሸሚዜን አወለቅሁ፤ ምጽዋ ስንገባ ግን ቆዳዬንም ባወልቀው ደስ ባለኝ» ይላሉ እየሳቁ።

ወጣቱ የገበሬ ልጅ የገባበት ተቋም ዕድሜው ገና ለጋ ነበር። ኢትዮጵያ የባሕር ኃይል ለመመሥረት የቻለችው ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ ሲሆን፣ በ1940ዎቹ ማብቂያ ላይ በምጽዋ የጦር ሰፈር፣ በአስመራ ደግሞ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተቋቁሟል። በሥልጠናው የኖርዌይ መኮንኖች ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓስፊክ ውቅያኖስ ለባሕር አውሮፕላኖች አገልግሎት ትሰጥ የነበረችውና 95 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት መርከብ «ኢትዮጵያ» ተብላ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የሥልጠና ማዕከል ሆነች። ከእርሷ ጎን የባሕር ዳርቻውን የሚቃኙ አነስተኛ የጥበቃ መርከቦች ተሰልፈው ነበር።

የዘውዱ አገዛዝ ይህን ኃይል የአገር መከላከያ ብቻ ሳይሆን የክብሩ ማሳያ አድርጎ ይመለከተው እንደ ነበረ የሚያሳየው በምጽዋ ይከበር የነበረው የባሕር ኃይል ቀን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት፣ የምዕራቡም የምሥራቁም አገሮች የጦር መርከቦች ተጋብዘው በአንድ ወደብ መልሕቅ ይጥሉ ነበር። ለእንግዶች የሚታየው የመርከቧ የላይኛው ወለል ነው። ከታች ያለውን የሚያውቁት በታች የሚሠሩት ብቻ ነበሩ።

አዛውንቱ ከዚያ ዘመን አንድ ነገር አይረሱም። «በ1965 ዓ.ም. ለእንግዶች እንድታምር መርከቧን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየፋቅን ስንቀባ ከአባቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። አባቴ አይጽፉም፤ የጻፈላቸው የመንደራችን ቄስ ልጅ ነው። በሬዎቹ አልቀዋል፤ ታናሽ እኅትህ ዐርፋለች፤ ከቻልህ ጥቂት ገንዘብ ላክ ይላል። ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ ቀለም መቀባቴን ቀጠልሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? በማግሥቱ ከመሬት በላይ ያለው ቀለም ሁሉ ደርቆ ሲያብረቀርቅ ሳይ ግን በአገሬ ላይ አንድ ነገር እንደ ተበላሸ ገባኝ።»

የወሎው ረሃብ በመቶ ሺዎች የሚገመት ሕዝብ የፈጀው፣ አገዛዙም ጉዳዩን ከዓለም ለመሸሸግ የሞከረው በዚያው ወቅት መሆኑ ይታወሳል። ስለዚህ የየካቲት 1966 ዓ.ም. ማዕበል በአስመራ የሁለተኛውን ክፍለ ጦር ወታደሮች ሲያነሣሣ የምጽዋ ባሕረኞችም ጥያቄያቸውን ይዘው አብረው መነሣታቸው ድንገተኛ አልነበረም። የደመወዝና የምግብ ጥያቄ ሆኖ የጀመረው ነገር ከሥሩ የመሬት ጥያቄ ነበር። ባሕረኛው መለዮ የለበሰ የጭሰኛ ልጅ ነውና።

የተከበበች ወደብ

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ የአዛውንቱ አባት በሕይወት ነበሩ። «አባቴ ያቺን እርሻ የእኔ ብለው ሁለት ክረምት አረሱ» ይላሉ። ይሁን እንጂ ልጃቸው በዚያ መሬት ላይ ለመቆም ፈቃድ ሳያገኝ ጦርነቱ ባሕሩ ላይ ደረሰ።

የ1970 ዓ.ም. መግቢያ የኢትዮጵያ ታሪክ እጅግ የከበደበት ጊዜ ነበር። በምሥራቅ የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ይዞ ወደ ሐረር ይገፋ ነበር። በሰሜን የኤርትራ ሕዝብ ነጻነት ግንባር ተዋጊዎች ምጽዋን ከአስመራ ጋር የሚያገናኘውን መንገድ ቆርጠው ወደቡን ከየብስ በኩል ዘጉት። ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ተበጥሶ ስለ ነበር፣ አብዛኞቹ አሜሪካ ሠራሽ የሆኑት የጥበቃ መርከቦች መለዋወጫ የሚያገኙበት ምንጭ ደርቋል። አዲስ የመጣው የሶቪየት ኅብረት መሣሪያ ደግሞ ከአሮጌዎቹ ሞተሮች ጋር የሚገጥም አልነበረም።

ምጽዋን የሚያውቅ ሰው የዚያን ከበባ ጠባይ በቀላሉ ይረዳዋል። ከተማዋ በዋናው መሬት ላይ ባለው ክፍልና ባጽዕና ጥዋለት በሚባሉ ሁለት ደሴቶች የተከፈለች ስትሆን፣ እነዚህ በባሕር ላይ በተሠሩ ጠባብ የመሬት ድልድዮች የተያያዙ ናቸው። በአንድ ወገን የባሕር ኃይሉ ሰፈር ያረፈበት ልሳነ ምድር፣ በሌላው ወገን የጨው ማምረቻው ሰፊ ሜዳ አለ። የየብሱ መንገድ ሲዘጋ ለወታደሩም ለነዋሪውም የቀረው በር ባሕሩ ብቻ ሆነ። ጥይቱ፣ ዱቄቱ፣ መድኃኒቱ፣ ነዳጁ፣ ወደ ኋላ የሚመለሰውም ቁስለኛ በዚህ በር ያልፍ ነበር።

ከአሰብ እስከ ምጽዋ በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የባሕሩ ዳርቻ በኮራል ዐለት የተሞላ በመሆኑ ጉዞው በካርታና በራዳር ብቻ የሚያልቅ አልነበረም፤ የአሮጌ መርከበኞችንም ዕውቀት ይጠይቅ ነበር። «ሌሊት መብራት አጥፍተን እንጓዛለን» ይላሉ አዛውንቱ። «ሲጋራ ማቀጣጠል ክልክል ነው። ከላይ ያሉት ጨለማው ያስፈራቸዋል፤ እኛ ከታች ጨለማም ብርሃንም የለንም፤ ያለን ሙቀት ነው። ቴርሞሜትሩን ማየት ትተን ነበር፤ ቢያዩት ምን ይጠቅማል? አራት ሰዓት እንሠራለን፤ ወጥተን ወለሉ ላይ እንዘረጋለን፤ ጨው በልብሳችን ላይ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። የመጠጥ ውኃ በመጠን ነው የሚሰጠው። ውኃ ላይ እየኖርን ውኃ እንጠማ ነበር።»

ስለ ቁስለኞቹ ሲያነሡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «ከምጽዋ ስንመለስ ወለሉ ሁሉ ቁስለኛ ነው። አንድ ልጅ አስታውሳለሁ፤ ዕድሜው ሃያ አይሞላም፤ እንደኔው የደጋ ልጅ ነው። ሆዱ ላይ ተመቷልና ውኃ አትስጡት ተብሏል። ባሕሩን እያየ ‘ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ውኃ አይጠጣም?’ አለኝ። አይጠጣም፣ ጨው ነው አልሁት። ‘ታዲያ ለምን እንሞትለታለን?’ አለኝ። አሰብ ሳንደርስ ዐረፈ። እኔ ግን መልሱን እስካሁን እየፈለግሁ ነው።»

የናሱ ኩሽኔታ

በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. የግንባሩ ተዋጊዎች ከተማዋን ጨርሰው ለመያዝ ከባድ ጥቃት ከፈቱ። በዋናው መሬት ላይ ያለውን የከተማ ክፍል ከያዙ በኋላ በጨው ሜዳው በኩል ውኃና ጭቃ እየሰነጠቁ ወደ ባሕር ኃይሉ ሰፈርና ወደ ደሴቶቹ ለመግባት ሞከሩ። መሸሸጊያ በሌለው በዚያ ሜዳ ላይ ከምሽግና ከባሕር በሚተኮስ መሣሪያ ተመቱ። ለመከላከሉ የሶቪየት መርከቦችና ከደቡብ የመን የመጡ ወታደሮች ድጋፍ ሰጥተዋል። ወደቡ አልተያዘም፤ ከበባው ግን እስከ 1971 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ዘልቋል። በሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ወጣት አልቋል።

አዛውንቱ ያን ውጊያ አላዩትም፤ ሰሙት እንጂ። «ሞተር ክፍል ያለ ሰው ጦርነትን በብረት በኩል ነው የሚሰማው። የራሳችን መድፍ ሲተኮስ ከጣራው ላይ ዝገት ይረግፋል። የሌላው ጥይት ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ደግሞ ጎናችንን በመዶሻ የመቱት ያህል ይጮኻል። ከላይ በሚመጣው ትእዛዝ ሙሉ ኃይል ስንባል ሙሉ ኃይል እንሰጣለን፤ ቁም ስንባል እናቆማለን። ማንን እንደምንመታ አናይም።»

በአንዱ ሌሊት የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውኃ የሚገፋው ፓምፕ ኩሽኔታ ተበላ። መለዋወጫ የለም። ሞተሩ ከጋለ መርከቧ እንደ ቆመ ዒላማ ትሆናለች። አዛውንቱና አብረዋቸው በተራ የሚሠሩት ጓደኛቸው ከአሮጌ ቧንቧ ከተቆረጠ ናስ ላይ ኩሽኔታውን በቶርኖ ቀርጸው ለማውጣት ሌሊቱን ሙሉ ሠሩ። ጓደኛቸው የሐማሴን ልጅ ነበር። በባሕር ኃይሉ ውስጥ ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጡ ወጣቶች ከኤርትራ ተወላጆች ጋር በአንድ ክፍል ይተኙ፣ ከአንድ ሳህን ይበሉ እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

«አንዱ ብረቱን ይይዛል፣ አንዱ ይለካል። ከላይ ተኩሱ አላቋረጠም። በመካከል ጓደኛዬ ቀና አለና ‘ታናሽ ወንድሜ እዚያ ማዶ ነው’ አለኝ። አሥመራ ከሚገኘው ትምህርት ቤት ወጥቶ በረሃ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ምን ልበለው? ‘እግዜር ይጠብቀው’ አልሁት። ይህን ማለት በዚያን ጊዜ ወንጀል ነበር፤ አልኩት። እሱም አሜን አለና ወደ ቶርኖው ተመለሰ። ሊነጋ ሲል ኩሽኔታው ገጠመ። ሞተሩ ተነሣ። መርከቧ ወደ ቦታዋ ሄደች፤ መድፉም መተኮስ ቀጠለ።»

የሚታረቀውና የማይታረቀው ቅራኔ

ከዚህ ትዝታ ተነሥተን ልንመረምረው የሚገባን መሠረታዊ ጥያቄ አለ። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቶርኖ ላይ ተጎንብሰው አንዱ የሌላውን ወንድም ደኅንነት እየተመኘ ያንኑ ወንድም የሚመታውን መሣሪያ እንዲያንቀሳቅሱ ያደረጋቸው ምንድን ነው? ጥያቄው የግለሰቦች ድክመት ወይም ብርታት ጥያቄ አይደለም። ሁለቱም ግዴታቸውን በሚገባ ተወጥተዋል። ስሕተቱ መፈለግ ያለበት ግዴታውን ባቆመው ፖለቲካ ውስጥ ነው።

ኅብረተሰብ ያለ ቅራኔ አይኖርም። ነገር ግን ቅራኔ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በጭሰኛውና በባላባቱ መካከል የነበረው ቅራኔ አንደኛው ወገን ካልተወገደ በቀር የማይታረቅ ነበር፤ የ1967ቱ አዋጅም በአንድ ቀን ፈታው። በአንድ አገር ሥር በሚኖሩ ሕዝቦች መካከል ስለ አስተዳደር፣ ስለ ቋንቋና ስለ መብት የሚነሣው ቅራኔ ግን በጠባዩ የሚታረቅ፣ በውይይትና በመተማመን የሚፈታ ነው። የሚታረቀውን እንደማይታረቅ ቆጥሮ በጦር መሣሪያ ለመፍታት የተነሣ አገዛዝ፣ ወዳጆቹን ከጠላቶቹ ለመለየት የሚያስችለውን መነጽር በገዛ እጁ ይሰብራል።

የኤርትራ ጥያቄ በዚህ መንገድ ነው የከረረው። የዘውዱ አገዛዝ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑን በማፍረሱ ቀድሞ የተለኮሰውን እሳት አራገበው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ወታደራዊ መንግሥት በሰፊው ሕዝብ ስም ይናገር ስለ ነበር ከዚህ የተለየ መንገድ እንዲከተል ይጠበቅ ነበር። በብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራሙ የራስ ገዝ አስተዳደርን መብት በጽሑፍ አስፍሯል፤ በግንቦት 1968 ዓ.ም. ደግሞ የኤርትራን ችግር በሰላም ለመፍታት ዘጠኝ ነጥቦች ያሉት ፖሊሲ አውጇል። ይሁን እንጂ በዚያው ሰሞን ገበሬውን አስታጥቆ ወደ ሰሜን አዘመተ። ከዚያም በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ተከተለ። በወረቀት ላይ የተጻፈው ሰላምና በሜዳው ላይ የተሠራው ጦርነት ተራርቀው ሲሄዱ ሕዝቡ ያመነው በዐይኑ ያየውን ነው። በአብዮት ስም የሚምል አገዛዝ ሂስና ግለሂስን መመሪያው ማድረጉን ሲያውጅ፣ ከሁሉ በፊት ግለሂስ ሊያደርግበት ይገባ የነበረው በዚህ ጉዳይ ላይ ነበር። አላደረገም።

ይህ ሲባል በተከበበችው ወደብ ውስጥ የቆመውን ባሕረኛ መሥዋዕትነት ማቃለል አይደለም። በጨው ሜዳው ላይ የወደቀውንም ወጣት ጀግንነት አይቀንስም። ሁለቱም ላመኑበት ዓላማ ዋጋ ከፍለዋል። ዋጋውን ያስከፈሏቸው ውሳኔዎች ግን እነርሱ ባልተገኙበት አዳራሽ የተወሰኑ ናቸው።

ብዙ መርከብ፣ ጥቂት ወዳጅ

ከ1970 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ባሕር ኃይሉ በመሣሪያ ረገድ ከቀድሞው እጅግ ገዝፎ ነበር። ከሶቪየት ኅብረት ሚሳይል ተኳሽ ጀልባዎች፣ የወታደርና የታንክ ማራገፊያ መርከቦች፣ በ1970ዎቹ አጋማሽም ሁለት ፍሪጌቶች ተገኙ። በዳህላክ ደሴቶችም የሶቪየት መርከቦች የጥገናና የስንቅ ጣቢያ ነበራቸው። «የመሣሪያ እጥረት አልነበረብንም» ይላሉ አዛውንቱ። «መመሪያው በሩስኛ ነው፤ መለዋወጫው ከኦዴሳ ነው የሚመጣው፤ ሲዘገይ እንጠብቃለን። በ1970 ዓ.ም. ኩሽኔታ ራሳችን ቀርጸን ነበር። ቆይቶ ግን መጠበቅ ለመድን። ሠራተኛ መጠበቅ ከለመደ እጁ ይሞታል።»

ይህ አነጋገር ከብዙ የወታደራዊ ትንታኔ መጻሕፍት የላቀ ቁም ነገር አለው። የራሱን መሣሪያ መጠገን የማይችል ኃይል የሚቆመው ሌላው እስከፈቀደለት ጊዜ ድረስ ብቻ ነው። በ1980ዎቹ መግቢያ የሶቪየት ኅብረት ፖሊሲ ሲለወጥና ርዳታው እየቀነሰ ሲሄድ ይህ እውነት ተገለጠ።

የካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ግንባሩ በምጽዋ ላይ አዲስ ጥቃት ከፈተ። በዚህ ጊዜ ተዋጊዎቹ ከየብስ ብቻ ሳይሆን በፈጣን ጀልባዎች ከባሕርም መጡ። በሦስት ቀናት ውስጥ የባሕር ኃይሉ ሰፈርና አብዛኛው ከተማ ተያዘ። በጥዋለት የነበረው ወታደር ለተጨማሪ ቀናት ተዋጋ፤ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማም እጅ ከመስጠት ይልቅ በዚያው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ከዚያም መንግሥት ያጣትን ከተማ ከአየር ደበደበ፤ ሰላማዊ ነዋሪዎች አለቁ፤ ለረሃብተኛ የመጣ የርዳታ እህልም በመጋዘኑ ተቃጠለ።

«እኔ አሰብ ነበርሁ» ይላሉ አዛውንቱ። «ጓደኛዬ ምጽዋ ነበር። ሬዲዮ ክፍሉ በር ላይ ቆመን እናዳምጣለን። ምጽዋ መልስ ትሰጥ ነበር፤ ከዚያ አልፎ አልፎ፤ ከዚያ ዝም አለች። እህሉ ተቃጠለ ሲሉ ስሰማ የአባቴ ደብዳቤ ትዝ አለኝ።»

ፍጻሜው በግንቦት 1983 ዓ.ም. መጣ። አስመራ ግንቦት 16 ቀን ስትያዝ አሰብም ልትያዝ መሆኑ የታወቀ ሆነ። የቀሩት መርከቦች መልሕቃቸውን እያነሡ ከአሥር የሚበልጡት ወደ የመን፣ ሌሎቹ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ለሠላሳ ዓመታት ያህል የባሕር ኃይሉ ምልክት የነበረችው «ኢትዮጵያ» መርከብም በየመን ወደብ ከርማ በ1980ዎቹ አጋማሽ ለአሮጌ ብረት ተሸጠች። ኤርትራ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት አገር ሆነች። የመን ከዚያ በኋላ አላቆያቸውም፤ መንቀሳቀስ ያቃታቸው መርከቦች በባለቤቶቻቸው እጅ ሰጠሙ፤ ጅቡቲ የደረሱትም በመጨረሻ በወደብ ዕዳ ተይዘው ለጨረታ ቀረቡ። አገር የሌለው መርከብ ከብረት ክምር አይለይም።

ከመርከብ ሞተር ወደ ወፍጮ ሞተር

ስለ መርከቦቹ ዕጣ ብዙ ተጽፏል። ስለ ሰዎቹ ዕጣ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። አዛውንቱ በየመን አንድ ዓመት ቆይተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ የቀድሞው ሠራዊት ተበትኗል። የአገልግሎት መብታቸውን ለመጠየቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት በሄዱ ጊዜ የተሰጣቸው መልስ «ማስረጃ ያምጡ» የሚል ነበር። «ማስረጃዬ ምጽዋ ነው አልኋቸው። ‘ሄደው ያምጡ’ አሉኝ። ፓስፖርት ይዤ ልሂድ? ሃያ አንድ ዓመት ያገለገልሁበት ቦታ የሰው አገር ሆኗል።»

እጃቸው ግን አልሞተም። በአዲስ አበባ በአንድ ጋራዥ ተቀጥረው ሠሩ፤ ከዚያም የናፍጣ ሞተር የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰው በየገበያው ያሉትን የወፍጮ ሞተሮች እየጠገኑ ኖሩ። «የመርከብ ሞተርና የወፍጮ ሞተር ልዩነቱ መጠኑ ነው። አሮጊቶቹ እህላቸውን ተሸክመው ወረፋ ይዘው ሲጠብቁ ሞተሩን ሳስነሣላቸው ይመርቁኛል። መርከብ ላይ ማንም መርቆኝ አያውቅም» ይላሉ። አንድ ዓይነት ዕውቀት፣ አንድ ዓይነት ሁለት እጅ፣ ለሞት ማጓጓዣም ለእንጀራም ሊውል እንደሚችል፣ አጠቃቀሙን የሚወስነውም የኅብረተሰቡ ፖለቲካ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አናገኝም።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የሰላም ስምምነት ሲፈረምና የስልክ መሥመር ሲከፈት ከአስመራ ስልክ ተደወለላቸው። የሐማሴኑ ጓደኛቸው ነበር። ከሃያ ስምንት ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። ስለ ልጆች፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ሞቱት ጓደኞች ተነጋገሩ። ከዚያ ጓደኛቸው ስለ ታናሽ ወንድሙ ነገራቸው። የተሰዉት ተዋጊዎች ለየቤተሰቦቻቸው ሲነገር የወንድሙም መርዶ መጥቶ ነበር። ወንድምየው የወደቀው በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም.፣ በጨው ሜዳው ላይ ነው።

«‘ያን ኩሽኔታ ታስታውሰዋለህ?’ አለኝ። አስታውሳለሁ አልሁት። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ብዙ አልተናገርንም። ግን ስልኩንም አልዘጋነውም። ሂሳቡ እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብለን ይዘነው ቆየን።»

ምን እንማራለን?

ዛሬ ስለ ባሕር እንደገና መነጋገር ጀምረናል። በ2010 ዓ.ም. የባሕር ኃይል ዳግመኛ የማቋቋም ሐሳብ በይፋ ተገልጿል፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በመከላከያ ረገድ የተፈረመው ስምምነትም የባሕር ኃይልን ግንባታ ያጠቃልል ነበር። ከባሕር በር የራቀች አገር ልጆችም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በማሪታይም ትምህርት እየሠለጠኑ በዓለም የንግድ መርከቦች ላይ ይሠራሉ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ከባሕር ጋር ያላት ግንኙነት የሕልውናዋ ጉዳይ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ ከሁሉ አስቀድመው ሊደመጡ የሚገባቸው በዚያ መንገድ አንድ ጊዜ ሄደው የተመለሱት ናቸው።

የአዛውንቱ ምስክርነት ሦስት ነገሮችን አጥብቆ ያስተምረናል። አንደኛ፣ በጎረቤት ሕዝብ ፈቃድና መተማመን ላይ ያልተመሠረተ ወደብ ሲከበብ የሚያወጣው በር የለውም። ሁለተኛ፣ የሠራተኛው ዕውቀት ያልታከለበት፣ የሌላ አገር መርከብና መለዋወጫ ክምችት ብቻ የሆነ ኃይል በችግር ቀን አይቆምም። ሦስተኛ፣ አገር ለሚያገለግሏት ልጆቿ የገባችውን ቃል መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ልትሽረው አይገባም፤ ባሕረኛው የማለው ለአገሩ እንጂ ለአንድ አገዛዝ አይደለምና። በሕይወት ያሉትን አንጋፋ ባሕረኞች ምስክርነት መዝግቦ ማቆየት፣ በማስረጃ እጦት የተጓደለባቸውንም መብት መርምሮ መመለስ ነገ የሚባል ሥራ አይደለም። ዕድሜያቸው ነገን አይጠብቅም።

ስንሰነባበት አዛውንቱ በቁስለኛው ልጅ ጥያቄ ላይ አንድ ነገር ጨመሩ። «ለምን እንሞትለታለን ብሎኝ ነበር። አሁን ባገኘው ባሕር የሚሞቱለት ነገር አይደለም፣ የሚሠሩበት ነው እለው ነበር። ያን ጊዜ ግን እኔም አላውቅም ነበር።»

ይህን መልስ የዛሬው ወጣት ሳይሞት ሊያገኘው ይገባዋል። በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሠርቶ አዳሪ ሕዝቦች በጦር መርከብ ሳይሆን በንግድ መርከብ የሚገናኙበትን፣ የሐማሴኑና የወሎው ልጅ በአንድ ቶርኖ ላይ ተጎንብሰው ለሕይወት የሚሆን ነገር የሚቀርጹበትን ቀን ማቅረብ የዚህ ትውልድ ታሪካዊ ኃላፊነት ነው።